ከእማዋይሽ ጎን የተቀበረው

ሸጋዬ ባሏን የቀበረችው በሞተ በአምስተኛው ዓመት ነው።

ባሏ አለኸኝ በጠላት ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ከጭልጋ ቁልቁል ወደ ጓንግ ወንዝ ከሚወርዱት ቦረቦሮች በአንዱ አፋፍ ላይ ወደቀ። አብሮት የነበረ አርበኛ ለቤተሰቡ መጥቶ የነገራቸው አጭር ነበር። አለኸኝ ጥይቱን ጨርሶ ነበር። ከአንድ ባንዳ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ሳለ ሁለቱም ተያይዘው ከአፋፉ ተንከባለሉ፤ ወዲያው ዝናብ ያራሰው አፈር ተንዶ ላያቸው ላይ ወረደ። «ልናወጣው ብንል መትረየሱ አላስጠጋን አለ» ብሎ ሰውየው አንገቱን ደፋ። ያኔ ሸጋዬ ከተዳረች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ልጅም አልወለደችም።

የአለኸኝ እናት እማዋይሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ አልተኛችም። «ልጄ ያለ ሰሌን አፈር ላይ ወድቆ እኔ በምን ወጉ መኝታ ላይ እወጣለሁ?» ብላ መሬት ላይ ቁርበት አነጠፈች። ጠጉሯን አትቀባም፣ ሰርግ አትሄድም። ለቅሶ ትሄዳለች፤ ግን እንባ አይወጣትም። ምነው አታለቅሺም ሲሏት፣ «የእኔ መች ተቀበረና በሰው አለቅሳለሁ» ትላለች።

ጣሊያን ጭልጋ ላይ ምሽግ ስለነበረው እስኪለቅ ድረስ ወደ ቦረቦሩ የሚወርድ ሰው አልነበረም። እንደለቀቀ ሸጋዬ መውረድ ጀመረች። ክረምቱ አልፎ ጎርፉ ሲጎድል አፋፉን ጥጋጥጉን እየቧጠጠች ትፈልጋለች፤ ገላዋ አቧራ ለብሶ ማታ ስትመለስ እማዋይሽ ደጃፍ ላይ ቆማ እጇን እጇን ታያለች። የመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጇን ተመለሰች። በሁለተኛው፣ በሠላሳ አምስት መጋቢት፣ ከተናደው አፈር ሥር ነጣ ያሉ፣ ክንድ የሚያክሉ ረጃጅም ነገሮች አገኘች። ላያቸው እንደ አሮጌ አጥንት ተሰነጣጥቋል፤ የአንዱ መሃል እንደ ቅልጥም ክፍት ነው። ሰባት ቁራጭ ነበሩ። በነጠላዋ ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አዘለቻቸው።

ዳገቱን ስትወጣ ሸክሙ ወገቧን ቆረጠው። ሜዳ ላይ የሚቀር የከብት አጥንት ፀሐይ ሲመታው እንደ አገዳ እንደሚቀል ታውቃለች። ይኼ ምነው እንዲህ ከበደ? ብላ አንድ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ሐሳቡን ተወችውና መንገዷን ቀጠለች።

እማዋይሽ ጥቅሉን ጭኗ ላይ ተቀብላ ፈታችው። አንዱን አንስታ በመዳፏ ዳሰሰች። «ይኼ ጭኑ ነው» አለች። «ይኼ የእጁ ነው። አቤት ቅዝቃዜው፣ ልጄ እንዴት በርዶታል!» አምስት ዓመት ያልወጣው እንባ ያኔ ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሸጋዬ ስለ ክብደቱ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ አማቷን አየችና ዘጋችው።

የደብሩ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ፣ «የራስ ቅሉስ?» ብለው ጠየቁ።

«ጎርፍ ወስዶት ይሆናል» አለች ሸጋዬ።

ተገንዞ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ፍትሐት ተደርጎለት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። ጥይት ተተኮሰለት፤ አልቃሽ ሙሾ አወረደችለት፤ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ሰሌኑን አንስቶ፣ «የጀግና አጥንት ሲከብድ!» አለ። ሕዝቡም ተቀበለው። የዚያን ዕለት እማዋይሽ መደቡ ላይ ወጥታ ተኛች። በሁለተኛው ዓመት ስትሞት የሸጋዬን እጅ ይዛ፣ «ልጄን ከጎርፍ አፍ አውጥተሽ ሰጥተሽኛል፤ የወለድኳት ልጅ ይህን አታደርግም። ከጎኑ አድርጊኝ» አለቻት። ከጎኑ አደረገቻት።

ሸጋዬ ሌላ ባል አላገባችም። የአለኸኝ ታናሽ ወንድም ደሴ ቤቱን አልነሳትም፤ መሬቱን ያርስላታል፤ የወንድሙን ስም በጠራ ቁጥርም ደረቱ ይሰፋ ነበር። እሷ ግን ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበራት። በግንዘቱ ቀን ከጥቅሉ የወደቀች፣ ጣት የምታክል ስባሪ በኋላ ቤት ስትጠርግ አግኝታ በሙዳይ አኑራታለች። የጣቱ አጥንት ነው ብላ ስለምታምን በጾም ቀን ታወጣትና ትስማታለች።

በአርባ ስምንት ጥር ወር የማዕድን ሰዎች መጡ። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ከጎንደር የመጡ ሠራተኞችና ሁለት ድንኳን። የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ነው ተባለ። ቦረቦሩን የሚያውቅ ሰው ሲጠይቁ መንደርተኛው በአንድ አፍ ሸጋዬን ጠራ። አዎን፣ ከእሷ የበለጠ ማን ያውቀዋል?

ከፈረንጁ ጋር ድንጋይ የሚሰብረው ባሩክ የሚባል፣ ሃምሳውን ያለፈ የወለቃ ሰው ነበር። ቤተ እስራኤል ነው፤ አባቱም እሱም ቀጥቃጭ ናቸው። ምግቡን ለብቻው ያበስላል፣ ለብቻው ይበላል። መንደርተኛው በቀን ማረሻውንና ዶማውን ያስልበታል፤ ከኋላው ደግሞ ቡዳ ነው ይለዋል። ሸጋዬም መጀመሪያ ዓይኑን ለማየት ፈርታ ነበር። ፍርሃቱ ግን ብዙ አልቆየባትም። ሰውየው ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ለድንጋይም ለሰውም እኩል ይጠነቀቃል።

አንድ ቀን ከአፋፉ ግማሽ አካሉ የወጣ ወፍራም ግንድ አሳያትና፣ «ይኼ ምን ይመስልሻል?» አላት።

«ጎርፍ ያመጣው ግንድ ነዋ።»

«እስቲ ያችን ስባሪ አንሺ።»

አነሳቻት፤ ከበደቻት፤ ቀዘቀዘቻት። ባሩክ ቢላዋውን አወጣና ጫን አድርጎ ሳበበት። እንጨቱ አልተላጠም፤ ይልቅስ የቢላዋው ብረት ድንጋዩ ላይ ግራጫ መስመር ጥሎ አለፈ። ከቅሉ ውሃ ጠብ አድርጎ የስባሪዋን ጫፍ በአውራ ጣቱ አሸው። ደረቅ ሳለ ያልታየው ነገር ወጣ፤ ክብ በክብ ላይ የተደራረበ ቀጭን መስመር፣ በጎን በኩል ደግሞ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ።

«ዛፍ ነበረ» አለ። «ጭቃ ቀበረው። ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ በሥሩ በቀዳዳው አስገባበት። እንጨቱ ሲያልቅ ድንጋዩ በእንጨቱ ልክ ቀረ። ስንት ሺህ ዘመን እንደፈጀ እግዜር ይወቅ፤ ፈረንጁም ሲገምት ነው።»

«አያ ባሩክ፣ እውነትዎን ነው?»

«እኔ ከሰል አክስዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንጨት አይሸሸገኝም።» ማዶ ወዳለው ቋጥኝ ጠቆማት። «ያውልሽ፣ ያም እንጨት የተቆለለ ይመስላል። መልኩን እንዳታምኚ። ጫፉን ብታዪው ክብ የለው፣ ጉጥ የለው፤ ዝም ያለ ድንጋይ ነው። ዛፍ የነበረ ግን ጫፉ ላይ ይናገራል።»

ከዚያ ወዲህ ባሩክ ያወቀውን ሁሉ አስተማራት። በወንዙ ውስጥ የተገኘ ስባሪ ጠርዙ የተሳለ እንደሆነ የመጣበት ቅርብ ነው፤ እንደ እንቁላል የለሰለሰ እንደሆነ ከሩቅ ተንከባሎ መጥቷልና ወደ ላይ መከተል ነው። ጥቁሩና ቡናማው፣ በቢላዋ የሚቆረጠው፣ እሳት ላይ ሲጥሉት የሚገማው ደግሞ ገና ድንጋይ ያልሆነ እንጨት ነው፤ የፈረንጁ ከሰል ያ ነው። ሸጋዬ በሁለት ሳምንት ከሠራተኞቹ በለጠች። ሌሎቹ የረገጡትን አልፋ፣ አጎንብሳ አንስታ፣ በምራቋ አርሳ፣ «ይኼ ነው» ትላለች። ከብዙ ዘመን በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ባሩክ ከአፋፉ ሥር አንድ ነገር አንስቶ ወደ ከረጢቱ ሊጥል ሲል እጁ ላይ አየችው። ነጭ ነው። ረጅም ነው። መሃሉ ክፍት ነው።

«እሱን ይተዉት!» አለች። «የሰው አጥንት ነው።»

ባሩክ ፈገግ አለ። «ሁሉም እንደዚህ ይላል። እኔም መጀመሪያ ጥዬው ሸሽቻለሁ፤ በእኛ ሥርዓት የሰው አጥንት የነካ ሰባት ቀን ከወገን ተለይቶ ነው የሚቆየው።» አጉሊ መነጽሩን ሰጣትና ጫፉን አራሰላት። ከመሃል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር የተሰነጠቀ ቀጭን መስመር፣ በዙሪያውም ክቦች። «ፀሐይ ነው ያነጣው። ክፍቱ ደግሞ የእንጨቱ ልብ የነበረበት ነው። አጥንት ቢሆን እንደ ዳቦ ልብ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ይቀላል፤ ምላስሽን ብታስነኪው ይይዝሻል። ይኼ ግን…» ቀና ብሎ አያት። «ምነው? አመመሽ እንዴ?»

ሸጋዬ አፈሩ ላይ ተቀምጣለች። «እዚህ አካባቢ የሚገኘው ነጭ ሁሉ እንዲህ ነው?» አለች።

«እስካሁን ያየሁት ሁሉ።»

ተነስታ ዳገቱን ወጣች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ሙዳይዋን ከፈተች። ስባሪዋን ይዛ ብዙ ቆየች፤ ውሃው በዋንጫ ፊቷ ቀርቧል። በመጨረሻ ነከረቻት። በበሩ ስንጥቅ ወደገባው ብርሃን አስጠጋቻት። ክቦቹ እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ አንድ በአንድ፣ ሊቆጠሩ እስኪችሉ ድረስ ወጡ። አሥራ ሦስት ዓመት የሳመችው ቅርንጫፍ ነበር።

ከሁሉ በፊት ያሰበችው ባሏን አይደለም፤ እማዋይሽን ነው። አሮጊቷ ሴት ከድንጋይ ጎን ተኝታለች። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ስትቆም፣ ምነው ከበደ ስትል፣ ያኔ ብትናገር ኖሮ…

በማግስቱ ወደ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቄሱ ስባሪዋን እያገላበጡ ሰሟትና፣ «ልጄ፣ ፍትሐት ለነፍስ ነው እንጂ ለአጥንት አይደለም» አሉ። «ለነፍሱ ደርሷታል።»

«እሳቸውስ አባቴ? ከጎኑ አድርጊኝ ብለውኝ ነው የሞቱት።»

«እማዋይሽ አሁን ከእኛ የተሻለ ታውቃለች። መቃብር ከፍተሽ ድንጋይ ብታወጪ የምትገድያት ደግመሽ ነው። ይህን ነገር እዚሁ ቅበሪው።»

የተባለችውን ልታደርግ ሞከረች፤ ሦስት ቀን ያህል። ከዚያ ወደ ቦረቦሩ ተመለሰች፤ አሁን ግን በተማረችው ዓይን። ነጩን ሁሉ እያለፈችው ሄደች። በአሥራ ስምንት ክረምት አፋፉ ስንት ጊዜ እንደተናደ፣ የትኛው ናዳ አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ ከበቀለበት ቁጥቋጦ ለየች። ለስላሳ ጠጠር ያለበትን ተወች፤ አፈሩ ተንዶ ከወደቀበት ሳይንቀሳቀስ የቀረበትን መረጠች። ባሩክ ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት አልሸሸገችውም። ሰምቶ ትርፍ ዶማውን ሰጣት።

በየካቲት አጋማሽ፣ ነጮቹን ካገኘችበት ስልሳ እርምጃ ያህል ወደ ላይ፣ ከአሮጌ ናዳ ሥር ዶማዋ አንድ ቡናማ ነገር አነሳ። ቀላል ነው። ጫፉ ላይ የዳቦ ልብ የመሰለ ቀዳዳ አለው። ሸጋዬ አፈሩን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ አፏ አስጠጋችው። ምላሷን ያዛት።

እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች። ደስታም ነበረበት፤ አልካደችውም።

ከቆፈረች በኋላ ግን የጭን አጥንት ሦስት ሆነ። የራስ ቅል ሁለት ሆነ። ያ አርበኛ እንደተናገረው ተቃቅፈው ወድቀው፣ አፈር አንድ ላይ ተጭኗቸው፣ ሥራሥር አንዱን በአንዱ ውስጥ አሳልፎ ሰፍቷቸዋል። የበሰበሰ ዝናር አለ፤ የማን ነው? ሁለቱም ዝናር ታጥቀዋል። ባሩክን ጠራችው። ራቅ ብሎ ቆሞ አየ።

«አያ ባሩክ፣ የትኛው ነው የእኔ?»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እንጨት ቢሆን እነግርሽ ነበር። የሰው ግን አላውቅም፤ ፈረንጁም አያውቅም።»

ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደር ደረሰ። ደሴ ደጃፏ ላይ ቆሞ ጠበቃት። «የወንድሜን አጥንት ድንጋይ ነው አልሽ አሉ?»

«ድንጋይ ነው ደሴ። ና ላሳይህ። ዛሬ እውነተኛውን አግኝቼዋለሁ።»

«ከባንዳ ጋር የተቀላቀለውን?»

«ምን ላድርግ፣ መለየት አልተቻለም። ሁለቱንም ከእናትህ ጎን…»

«ወንድሜን አገሩ ሁሉ በጥይት ቀብሮታል!» አላስጨረሳትም። «ያ ቡዳ አስማት አዙሮብሽ ነው። እናቴን ከባንዳ ጋር ላስተኛት? ይህ ቤት የአለኸኝ ሚስት ቤት ነው። አለኸኝን ድንጋይ ያለች ሴት አትኖርበትም።»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስም ደሴንና የመንደሩን ሽማግሎች ፈሩ። ምናልባትም ማድረግ የሚገባቸው ይኼ መስሏቸው ይሆናል፤ «አርበኛውን ከለየሽ እቀብራለሁ፤ ካልለየሽ ግን ደብሩ አይቀበልም» አሏት። ሸጋዬ ተሟግታ አልረታችም።

የቀበረቻቸው በማግስቱ ጧት፣ ከቦረቦሩ በላይ ካለው ጠፍጣፋ መሬት ላይ፣ ከአንድ ግራር ሥር ነው። ብቻዋን ስትቆፍር ባሩክ መጣ። ቁልቁል ወርዶ፣ ከናዳው ሥር የቀረውን በሁለት እጁ እያነሳ አጥንቱን ልትሸከምበት ባመጣችው ቁርበት ከተተው።

«ይተዉ፤ እርስዎን ያረክስዎታል» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ።

ጉድጓዱን ደፈኑ። ጸሎት የሚያደርስ ቄስ ስለሌለ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፤ ባሩክም በዝምታ የራሱን አደረሰ። ከዚያ ሰባት ቀን ከድንኳኑ ርቆ፣ ከወገኖቹም ተለይቶ፣ ቁር በሚመታው ዳገት ላይ ዳስ ሠርቶ ተቀመጠ። ውሃ የምታቀርብለት እሷ ነበረች፤ ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ትመለሳለች። ፈረንጁ የሚፈልገውን ያህል ከሰል ስላላገኘ በመጋቢት ድንኳኑን ነቀለ። ባሩክ ሲሰናበታት፣ «አንቺን ዓይነት ዓይን ያለው ሰው አላየሁም» አላት። እሷ፣ ዓይኔ በጠፋ፣ ብላ አሰበች።

ደሴ ቤቱን ስለነሳት ሸጋዬ ጎንደር ገባች። አራዳ ጥግ አንዲት ጎጆ ተከራይታ እንጨትና ከሰል እየቸረቸረች ኖረች። ባሩክን ሁለት ጊዜ ገበያ ላይ አየችው፤ ከዚያ ሞተ አሏት። ወደ አገሯ አልሄደችም።

በሃምሳ አራት ጥቅምት አንድ ሰው ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ሲያስል ሰማች። ወጥታ ስታይ ደሴ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ጋቢው ሰፍቶበታል። ለሕክምና መምጣቱን ነገራት። ተቀመጠ።

«እናቴ በሕልሜ እየመጣች አላስተኛ አለችኝ» አለ። «በርዶኛል ትለኛለች። አጥንቶቹን የት ነው ያደረግሻቸው?»

«ብነግርህ ምን ታደርጋለህ?»

«አላውቅም። አሳዪኝ ብቻ።»

በማኪና አይከል ከተማ ድረስ ሄደው ከዚያ በእግር ወረዱ። ደሴ በየመቶው እርምጃ እየቆመ ይተነፍሳል። ቦታው ሲደርሱ ሸጋዬ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች፤ የምታውቀውን ግራር ፈለገች፤ አጣችው። ያ ጠፍጣፋ መሬት የለም። ክረምቱ አፋፉን ሃያ እርምጃ ያህል በልቶት፣ ግራሩንም መቃብሩንም ይዞ ወደ ጓንግ ወርዷል። ከታች ትኩስ ናዳ ብቻ፣ በናዳው ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ነጫጭ ነገሮች ይታያሉ።

ደሴ ቁልቁል እያየ፣ «ከእነዚያ ውስጥ…?» አለ።

ሸጋዬ ከአፋፉ ሆና ብዙ ጊዜ አየች። «የለም» አለች። «እነሱ ዛፍ ናቸው።»

ደሴ ጋቢውን ራሱ ላይ ተከናነበና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየች ሄዳ ልትይዘው አሰበች፤ ግን አልሄደችም። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘቀዝቅ ክንዱን ደግፋ አስነሳችው። ዳገቱን እየደገፈችው ወጡ። አይከል ላይ እሱ ወደ መንደሩ፣ እሷም ወደ ጎንደር በምትሄደው ማኪና ተለያዩ። በጥምቀት ማግስት መሞቱን ሰማች፤ ከእናቱ በሌላው ጎን ቀበሩት አሉ።